ራስ ተፈሪ በ26 ዓመታቸው ለጥቂት ነው የተረፉት! የኅዳር በሽታና የገዛ ሰውነታችን ቁጣ

ወገን፣ ኅዳር 12 ሲደርስ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ከአንድ ወጣት ራስ ሕይወት ጋር ይገናኛል።

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረር አካባቢ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸው ገና ሕፃን ሳሉ ሞቱባቸው። አባታቸው ራስ መኮንን በ1898 ሲያርፉ ተፈሪ 13 ዓመታቸው ነበር። በ1907 ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባቸው ሰጥማ ከሞት ለጥቂት አመለጡ። በ1909 ዘውዲቱ ሲነግሡ እሳቸው በ24 ዓመታቸው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ።

ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በኅዳር 1911፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ። ሕዝቡ "የኅዳር በሽታ" አለው። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ፤ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። እንደራሴው ራሳቸው በጠና ታመሙ። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ በላዩ የሚመጣውን የሳንባ ምች የሚያክመው ፔኒሲሊን እንኳ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

የሚገርመው ግን ይሄ ነው፦ ያ ጉንፋን ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳም ጨረሰ። ተመራማሪዎች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የሰውነት መከላከያ ከልክ ማለፉ ነው። መከላከያችን ቫይረሱን ሲያገኝ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቃል። እነዚህ ሲበዙ የሳንባ የደም ሥሮች ያፈሳሉ፣ የአየር ከረጢቶቹ ፈሳሽ ይሞላሉ፣ ኦክስጅን ወደ ደም መግባት ያቅተዋል። ሌባ ለመያዝ ብሎ ቤቱን እንደሚያቃጥል ዘበኛ ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኮቪድ መጣ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 በእንግሊዝ የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ዴክሳሜታዞን የሚባል ርካሽና የቆየ መድኃኒት ይህን ቁጣ እንደሚያበርድ አሳየ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩ ታማሚዎች ሞትን በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ፤ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ደግሞ በአንድ አምስተኛ። የኛም ጤና ሚኒስቴር በዚያው ወር ለጽኑ ሕሙማን እንዲሰጥ መከረ።

ግን ልብ በሉ! ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው አልጠቀመም። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ያለጊዜው ከተወሰደ ሊጎዳ ይችላል። ለኢንፍሉዌንዛ ደግሞ አይመከርም። ስለዚህ ያኔ ቢኖር እንኳ ራስ ተፈሪን ያድናቸው ነበር ማለት አንችልም።

እዚህ ፎገራ ኅዳር የሩዝ አጨዳ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሥራ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ወረታም ሁኑ ገጠር፣ "ቶሎ ያሽላል" ተብሎ ዴክሳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትዋጡ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ሰውዬው ከተወዛገበ ግን ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ራስ ተፈሪ ድነው በ1923 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በመስከረም 1967 ከሥልጣን ወረዱ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ በ83 ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ኅዳር ቢሞቱ ኖሮ የአገራችን ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። በዚያው ወር ያለቁት ሺዎች ግን ስማቸው እንኳ አልተጻፈም።

ጉንፋን ለያዘው ጓደኛችሁ አጋሩት።