ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ሰውነት ውጥረትን የሚቋቋምባቸው ሁለት መንገዶች

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለዱ። በክብር ዘበኛ ሲያገለግሉ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠልጣኝነት ለማራቶን ተዘጋጅተው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግራቸው ሮጠው አሸነፉ። ይህ በሰፊው የታወቀ ነው፤ ከጤና አንጻር ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የቶኪዮው ድል ነው።

ከቶኪዮው ውድድር አንድ ወር ከጥቂት ቀናት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ቀዶ ሕክምና ለሰውነት ብርቱ ውጥረት ነው። አንጎል አደጋን ሲረዳ ትእዛዙን በሁለት መንገድ ያስተላልፋል። ፈጣኑ በኅብለ ሰረሰር ወርዶ፣ ከኩላሊቶች በላይ የሚገኙትን አድሬናል ዕጢዎች በነርቭ ይቀሰቅሳል፤ አድሬናሊን ይመነጫል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይጎርፋል። ሁለተኛው በደም የሚጓዝ ነው፤ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ በሚልከው ሆርሞን አማካይነት እነዚያው ዕጢዎች ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ኮርቲሶል በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ብግነትንም ይገታል፤ በዝቶ ሲቆይ ግን ጡንቻን ያመነምናል፣ የቁስልን መዳን ያዘገያል። ሻምበል አበበ ይህን ሁሉ ተሻግረው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበሩ። ሁለተኛው ሯጭ ሳይደርስ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነታቸውን ያፍታቱ ነበር። ከቀዶ ሕክምና ላገገመ ሰው በእርግጥ የሚመከር አይደለም።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰራቸው ተጎዳ። ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የአደጋ ተጎጂዎችን ያክማል፤ በዚያን ጊዜ ግን ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላኩ። እንዲህ ያለ ጉዳት የሚነጥቀው የእግርን እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም። ጉዳቱ ወደ አንገት በቀረበ መጠን ፈጣኑ የነርቭ መንገድ ይስተጓጎላል፤ የደም ግፊትን፣ የልብ ምትንና ላብን መቆጣጠር ያዳግታል። የኮርቲሶል ትእዛዝ ግን በደም ስለሚጓዝ ከጉዳቱ በታችም ይደርሳል።

ሻምበል አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፉ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው በአንጎል ውስጥ በተከሰተ የደም መፍሰስ አረፉ።