ኤቶሬ ቡጋቲና የፍሪሲዮን ምርጫ

ለጎዳናም ለእሽቅድድም ሜዳም የሚያገለግል መኪና የሚሠራ ወይም የሚያድስ ባለሙያ ሁሉ አንድ ቀን ከፍሪሲዮን ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ጠንካራ ሞላ ያለው ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ሳያንሸራትት ለካምቢዮው ያደርሳል፤ ነገር ግን በከተማ መንገድ የነጂውን እግር ያዝላል፥ መኪናውንም ሲነሣ ያንገጫግጫል። ለስላሳው ደግሞ በጎዳና ላይ ምቹ ይሁን እንጂ በውድድር ሜዳ ይንሸራተታል፥ ሸራውም ይቃጠላል። ይህን አጣብቂኝ በራሳቸው መንገድ ከፈቱት፥ በመፍትሔያቸውም እስከ ግትርነት ከጸኑት ሰዎች አንዱ ኤቶሬ ቡጋቲ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቡጋቲ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1881 በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካርሎ ጌጠኛ የቤት ዕቃ በመሥራት የታወቀ ጠቢብ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ሬምብራንትም በእንስሳት ሐውልቶቹ ስሙ የተጠራ ቀራጺ ለመሆን በቅቷል። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣው ኤቶሬ ማሽንን አስቀድሞ በዓይኑ፥ ቀጥሎ በስሌት የሚመዝን ሰው ሆነ። የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ሙያውን የቀሰመው ፕሪኔቲ ኤ ስቱኪ በተባለው የሚላኖ ፋብሪካ በተለማማጅነት ገብቶ ነው። በ1901 በራሱ ንድፍ የሠራት መኪና በሚላኖ ኤግዚቢሽን ላይ ከተሸለመች በኋላ በአልዛስ የሚገኘው የደ ዲትሪክ ኩባንያ ቀጠረው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ በመሆኑም በ1902 የተደረገውን ውል የፈረመለት አባቱ ነበር። ከዚያ በስትራስቡር ከማቲስ ጋር፥ በኮሎኝ ደግሞ ከዶይትስ ፋብሪካ ጋር ሠራ። ለሌላ ሰው መሥራት ግን አልሆነለትም። በኮሎኝ ሳለ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ለራሱ ትንሽና ቀላል መኪና ሲሠራ ቆይቶ፥ በ1909 መጨረሻ ሞልስሃይም ወደምትባል የአልዛስ ከተማ ሄደና አንድ አሮጌ የማቅለሚያ ፋብሪካ ተከራይቶ የራሱን ሥራ ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ፍጥነት የሚገኘው ሞተርን በማግዘፍ ነው የሚለው እምነት የጸና ነበር። ቡጋቲ ግን የክብደትን መቀነስ መረጠ። በ1911 በለ ማን በተደረገው ውድድር የፋብሪካው ሰው ኤርኔስት ፍሪድሪክ 1.3 ሊትር ገደማ በሆነች መኪና፥ 10 ሊትር ሞተር ያለውን አንድ ፊያት ብቻ አስቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ዓለም ስለ ሞልስሃይም መነጋገር የጀመረው ከዚህ ቀን ወዲህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አልዛስ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች፤ ቡጋቲም ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። በኦገስት 1924 በሊዮን ከተማ በተደረገው ግራን ፕሪ ላይ 35 ቁጥር የተባለውን መኪና አሰለፈ። ሞተሩ በአንድ ረድፍ የቆሙ ስምንት ሲሊንደሮች ያሉት፥ መጠኑም 2 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ቸርኬው ከነፍሬን ታምቡሩ በአንድነት ከአሉሚኒየም የፈሰሰ ነበር። በዚያ ቀን ጎማዎቹ እየተላጡ ስላስቸገሩ ከአምስቱ መኪናዎች አንዱም አላሸነፈም። በተከታዩ ዓመት ግን ድሉ ጀመረ፤ ከ1925 እስከ 1929 የሲቺልያውን የታርጋ ፍሎርዮ ውድድር በየዓመቱ የወሰዱት የቡጋቲ መኪናዎች ናቸው። ከሌሎች የውድድር መኪናዎች የሚለየው ደግሞ ገንዘብ ያለው ማንም ሰው ሊገዛው መቻሉ ነው። ባለቤቱ ፋናና የጭቃ መከላከያ ገጥሞ በጎዳና ይነዳዋል፤ እሑድ ሲደርስ እነዚያን ፈትቶ ይሽቀዳደምበታል።

የፍሪሲዮኑ ጥያቄ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ፍሪሲዮን የሚሸከመው የመጠምዘዝ ኃይል በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ እነርሱም ዲስኮቹን የሚጫነው ኃይል፥ በገጾቹ መካከል ያለው ሰበቃ፥ የሚሰባበቁት ገጾች ብዛትና ከመካከል ያላቸው ርቀት ናቸው። አብዛኞቹ የዘመኑ ሠሪዎች በቆዳ የተለበሰውን ሾጣጣ ፍሪሲዮን ትተው ወደ አንድ ሰፊ ደረቅ ዲስክ ይሄዱ ነበር። ቡጋቲ ግን ዲስኩን አጥብቦ ቁጥሩን አበዛ። የዐረብ ብረት ዲስኮችንና በቅርጽ የፈሰሱ የብረት ዲስኮችን እያፈራረቀ ደረደረና የዘይትና የላምባ ቅልቅል በያዘ ቤት ውስጥ አስገባቸው። ዘይት የሰበቃውን ኃይል ከደረቅ ሸራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጉድለቱን ግን የገጾቹ ብዛት ይክሰዋል። መጫኛውንም በከባድ ሞላ ፈንታ እንደ ጉልበት በሚታጠፉ ትንንሽ ማንሻዎች አደረገው። ማንሻዎቹ ሊቃኑ ሲቃረቡ የቀላሉን ሞላ ግፊት ብዙ እጥፍ ስለሚያበዙት የነጂው እግር አይደክምም።

ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው ማርሽ በሚቀየርበት ጊዜ ነው። የዚያን ዘመን ካምቢዮ ጥርሶቹን የሚያስማማ መሣሪያ አልነበረውም፤ ነጂው ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ከካምቢዮው ጋር የታሰረው ዲስክ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ወይም ቶሎ ካልፈጠነ ጥርሶቹ ይፋጫሉ። የአንድ ዲስክ ውፍረት ሳይለወጥ ስፋቱ በእጥፍ ቢያድግ፥ ሽክርክሪቱን ለመለወጥ የሚጠይቀው ድካም 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠባብ ዲስኮች መምረጡ ትክክለኛ ስሌት ነበር፤ ቡጋቲ በዓይኑ ይሥራ እንጂ ዓይኑ አላታለለውም። ዘይቱም ሙቀቱን ስለሚወስደው፥ በውድድር መነሻ ላይ ፍሪሲዮኑን ያንሸራተተ ነጂ ወዲያው አይቀጣም።

ዋጋው የሚከፈለው በጎዳና ነው። በብርድ ጧት ዘይቱ ይረጋል፤ ዲስኮቹ ተጣብቀው አንለያይም ይላሉ፥ አንደኛ ማርሽ ለማስገባት የፈለገ ሰውም የጥርስ መፋጨት ይሰማል። ላምባው የተቀላቀለው ይህንኑ ለማቃለል ነው። ቅልቅሉ ከቆሸሸ ወይም ካነሰ ደግሞ ብረቱ ይጎዳል። ዲስኮቹ ባለቁ መጠንም የማንሻዎቹ አቋም ስለሚለወጥ እየተከታተሉ ማስተካከል ግድ ነው። መኪናው በብርድ አልነሣ ስላለው ለተማረረ ደንበኛ ቡጋቲ የሞቀ ጋራዥ እንዲሠራ መክሮታል የሚባለው ወሬ እውነትነቱ ባይረጋገጥም፥ የሰውየውን ጠባይ ግን በሚገባ ያሳያል።

ጠባዩ በሌላም ተገልጧል። አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባውን ኮምፕሬሶር ለጥቂት ዓመታት ተቃውሞ ቆይቶ የተቀበለው ተወዳዳሪዎቹ ከቀደሙት በኋላ ነበር። ፍሬንን በዘይት ግፊት ማሠራትንም እስከ 1938 ድረስ አልተቀበለም። የ12.7 ሊትር ሞተር የነበረው ሮያል የተባለው ግዙፍ መኪና ስድስት ብቻ ተሠርቶ ለደንበኛ የተሸጠው ሦስቱ ነው፤ የተረፉት ሞተሮች ለባቡር መዋላቸው ፋብሪካውን አተረፈው።

ከጊዜው ጋር መሄድ የጀመረው ልጁ ዣን ነው። በ1934 የወጣው 57 ቁጥር በአብዛኛው የእርሱ ሥራ ሲሆን፥ በዚህ መኪና ላይ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ፍሪሲዮኑም ባለ አንድ ደረቅ ዲስክ ሆነ። አባትየው በሞልስሃይም የጸናበት ዘዴ በልጁ እጅ ተተካ። በ1936 ሠራተኞቹ የሥራ ማቆም አድማ ባደረጉ ጊዜ ኤቶሬ ልቡ ተሰብሮ አብዛኛውን ጊዜውን በፓሪስ ማሳለፍ ጀመረ፤ ፋብሪካውም በዣን ላይ ወደቀ። ከ57 ቁጥር የተወለዱ መኪናዎች በ1937 እና በ1939 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፉ። ሁለተኛው ድል ሁለት ወር ሳይሞላው፥ ኦገስት 11 ቀን 1939፥ ዣን ያንኑ አሸናፊ መኪና በሞልስሃይም አጠገብ በጎዳና ላይ ሲፈትን ከአንድ ብስክሌት ነጂ ለመሸሽ ሲል ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ዕድሜው 30 ዓመት ነበር።

ጦርነቱ በተከታዩ ወር ፈነዳ። ፋብሪካው በጀርመኖች እጅ ወደቀ፤ ከጦርነቱም በኋላ በፈረንሳይ መንግሥት ተያዘ፥ በ1947 በፍርድ ቤት ውሳኔ ሲመለስ ኤቶሬ በጽኑ ታሞ ነበር። ኦገስት 21 ቀን 1947 በፓሪስ አረፈ፤ የተቀበረውም በሞልስሃይም አጠገብ በዶርሊስሃይም፥ ከልጁ ጋር ነው።

35 ቁጥር መኪናዎች ዛሬም በአሮጌ መኪናዎች ውድድር ላይ ይሽቀዳደማሉ። የመጀመሪያውን ፍሪሲዮን ጠብቀው የያዙ ባለቤቶች ዘይቱንና ላምባውን ራሳቸው ይቀላቅላሉ፤ በብርድ ጧትም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ማርሽ ሳያስገቡ ይጠብቃሉ።