ጆን ካምቤል

ጆን ውድ ካምቤል (ጁን 8 ቀን 1910 – ጁላይ 11 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲና የመጽሔት አዘጋጅ ነበር። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር የሰውን መልክ እየወሰደ ሰዎችን ስለሚተካበት «ዘ ቲንግ» የተባለ አስፈሪ ፊልም ሲነሣ፣ የታሪኩ ምንጭ እሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ካምቤል የተወለደው በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒውአርክ ከተማ ነው። አባቱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። እናቱ መንታ እህት ነበረቻት፤ ሁለቱ በመልክ ፈጽሞ ስለሚመሳሰሉ ትንሹ ጆን የትኛዋ እናቱ እንደሆነች መለየት ያቅተው ነበር። አክስቱ ደግሞ አትወደውም ነበር። ልጁ እናቴ ናት ብሎ ሲጠጋ ፊት የምትነሣው አክስቱ ሆና ትገኝ ነበር ይባላል። ብዙ ጸሐፊዎች የኋለኛውን ታሪኩን ከዚህ ፍርሃት ጋር ያያይዙታል።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) ሲማር የጀርመንኛ ትምህርት ወድቆ ተሰናበተ። የፊዚክስ ዲግሪውን ያገኘው ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ታሪኮቹን ማሳተም የጀመረው ግን ገና ተማሪ ሳለ በ1930 ነበር።

የአንታርክቲካው ታሪክ

በኦገስት 1938 «ሁ ጎዝ ዜር?» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ «አስታውንዲንግ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ርዕሱ ዘበኛ በጨለማ የሚመጣን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅበት አነጋገር ነው። ካምቤል የተጠቀመው ዶን ስቱዋርት የሚል የብዕር ስም ነበር፤ ይህንንም የወሰደው ከባለቤቱ ከዶና ስቱዋርት ስም ነው።

በታሪኩ ውስጥ በአንታርክቲካ የሰፈሩ ተመራማሪዎች በበረዶ ውስጥ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ፍጡር ያገኛሉ። በረዶው ሲቀልጥ ፍጡሩ ይነቃል። የነካውን ሕያው ነገር ውጦ መልኩን፣ ድምፁን፣ ትዝታውን ሳይቀር ይይዛል። ስለዚህ ማንም ጓደኛውን ማመን አይችልም። መፍትሔው የደም ምርመራ ነው፤ የፍጡሩ እያንዳንዱ ጠብታ ራሱን ለማዳን ስለሚጥር፣ የጋለ ሽቦ ሲነካው ይሸሻል። የሰው ደም ግን አይሸሽም። በእርግጥ የታሪኩ ጥንካሬ ያለው ከጭራቁ ይልቅ በዚህ የምርመራ ሐሳብ ላይ ነው።

አዘጋጅነት

ከ1937 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ መጽሔቱን ያዘጋጀው እሱ ነው። አይዛክ አሲሞቭና ሮበርት ሃይንላይን በእሱ እጅ ታዋቂ ሆኑ። ብዙዎች የሚያውቋቸውን ሦስቱን የሮቦት ሕጎች አሲሞቭ የካምቤል ናቸው ሲል፣ ካምቤል ደግሞ ከአሲሞቭ ታሪኮች ያወጣኋቸው ናቸው ይል ነበር። በ1944 ስለ አቶሚክ ቦምብ የሚተርክ ልብ ወለድ ስላሳተመ የመንግሥት መርማሪዎች ቢሮው ድረስ መጥተው ጠይቀውታል፤ ቦምቡ ያኔ በምስጢር እየተሠራ ነበር።

በ1950 ግን የሮን ሃባርድን ዳያኔቲክስ ለአንባቢ አስተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላም ሳይንስ ያልተቀበላቸውን ነገሮች መደገፍ አበዛ። የዘር መለያየትን የሚደግፉ ጽሑፎችም አውጥቷል። ጥቁሩ ደራሲ ሳሙኤል ዲላኒ እንደሚያስታውሰው፣ ካምቤል «ኖቫ» የተባለውን መጽሐፉን ያልተቀበለው ዋናው ገጸ ባሕርይ ጥቁር በመሆኑ ነው።

ፊልሞቹ

በ1951 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም መልክ የመለወጡን ነገር ጨርሶ ተወው፤ ፍጡሩ ደም የሚጠጣ፣ ከዕፅዋት ወገን የሆነ ግዙፍ ሰው መሰል ነበር። ሐሳቡን የመለሰው ጆን ካርፔንተር በ1982 ዳግም የሠራው ፊልም ነው፤ የደም ምርመራውም በውስጡ አለ። ካምቤል ያኔ ከሞተ 11 ዓመት ሆኖታል። ፊልሙ ሲወጣ በተቺዎች ክፉኛ ተነቅፎ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዘርፉ ምርጦች ይቆጠራል። በመጽሐፉ ሰዎቹ ያሸንፋሉ፤ በፊልሙ መጨረሻ ሁለት ሰዎች በሚቃጠለው ሰፈር አጠገብ ተቀምጠው አንዱ ሌላውን ይጠራጠራል።

ከሞቱ በኋላ

ለአዳዲስ ደራሲዎች በስሙ ይሰጥ የነበረው ሽልማት በ2019 ስሙ ተቀየረ፤ ምክንያቱ አንዲት ተሸላሚ በመድረኩ ላይ አመለካከቱን በመንቀፏ ነው። በዚያው ዓመት የአንታርክቲካው ታሪክ ረዘም ያለ ረቂቅ «ፍሮዝን ሄል» በሚል ርዕስ ታተመ። ረቂቁ የተገኘው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከተቀመጡ ወረቀቶቹ መካከል ነው።