ከሞተሩ ጎን ያደረው ሪከርድ ሰባሪ

ቡርት ሙንሮን ብዙዎች ያወቁት አንቶኒ ሆፕኪንስ በተወነበት የ2005ቱ ፊልም ነው። ኒውዚላንዳዊው ቡርት «ኢንዲያን ስካውት» ሞተሩን የገዛው እ.ኤ.አ በ1920 ሲሆን ያኔ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም ነበር። ይቺ ታዲያ ለእሱ መቼ በቅታው!

ቀን ቀን ሞተር ሳይክል ይሸጣል፤ ማታ ጋራዥ ገብቶ ሲፈታና ሲገጥም ያመሻል። ፒስተን መግዣ ስለሌለው ብረት አቅልጦ በባዶ ጣሳ ራሱ ያወጣል። ብዙዎቹ ይሰበሩበታል። ስባሪውን ግን አይጥልም፤ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ለፍጥነት አምላክ የተሰጡ ስለቶች መሆናቸውን ጽፎባቸዋል። ትዳሩ ሲፈርስ ደግሞ ጠቅልሎ ጋራዡ ገባ። ከዚያ በኋላ አልጋውም ኑሮውም ከሞተሯ ጎን ሆነ።

በ1967 አሜሪካ ዩታ በሚገኘው የቦንቪል ጨው ሜዳ ላይ ሲወጣ 68 ዓመቱ ነው፤ ልቡንም ያመዋል። ሞተሯም 47 ዓመቷ ነበር። ሆኖም ከ1000 ሲሲ በታች በሆኑ ሞተሮች የዓለምን ሪከርድ ሰበረ፤ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር!

ቡርት በ1978 አረፈ። በ2014 ልጁ የያኔው ስሌት ስህተት እንዳለበት አስተውሎ አመለከተ፤ ሪከርዱም ታርሞ ወደ 296 ከፍ አለለት።