ዓይናቸውን ከሰማይ ያላነሡ አባት፦ ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጾም ወቅት ፈተና ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ምግቡ ነው። በቦሌ መንገድ ስናልፍ አፍንጫችን ድረስ የሚመጣው የጥብስ ሽታ፣ ከሥራ መልስ አንድ እንበል ባይ ጓደኛ። እሱም ፈተና ነው፤ አንንቀው። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ አለ፤ ምክር መስሎ፣ አሳቢ መስሎ የሚመጣ።

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ፣ እዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ጠጋ ብላ አማከረችኝ። በምትሠራበት ቦታ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብላ እንድትፈርም ተጠይቃለች። ካልፈረመች እንጀራዋ ይቆማል። ልጆች አሏት፣ የቤት ኪራይ አለባት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔ እውነቱን ለመናገር አፌ ተያዘ። ቆይቼ የነገርኳት የእኚህን አባት ታሪክ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ሰው ናቸው፤ የፍቼ ልጅ። ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት መምህር ነበሩ። እንደምታውቁት ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግብፅ ወርደው የጵጵስና ማዕረግ ተቀበሉ፤ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ። እነዚህን ስሞች ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ሰባት ዓመት ሳይቆይ መከራ መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ከሦስት ቀን በፊት ወጥተዋል። አባታችን ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዱ፤ እዚያም በሰላሌ ካሉት አርበኞች፣ ከደጃዝማች አበራ ካሣ ጋር ሆነው ሕዝቡን ያጽናኑ፣ ያበረቱ ነበር። በሐምሌ ወር አርበኞቹ ከተማዋን ለማስለቀቅ ተነሡ። ከሰሜን የአበራ ካሣ ጦር፣ በእኛ በምሥራቁ በኩል ደግሞ የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ሰዎች እንዲገቡ ነበር ምክሩ። ዛሬ ሕንፃና ኮንዶሚኒየም የሞላው ሰፈራችን ያኔ ማሳና ሜዳ ነው። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ወንዞች ሞልተዋል፤ አንዱ ጦር የሌላውን የሚያውቅበት ሬድዮ የለም። ተባብረው በአንድ ጊዜ መግባት አልቻሉም፤ ተመለሱ። አቡነ ጴጥሮስ ግን ከተማው ውስጥ በጠላት እጅ ወደቁ።

እንግዲህ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ሃይማኖትህን ካድ አላሏቸውም። የተፈለገባቸው ለጣልያን መንግሥት እንዲገዙና አርበኞቹን እንዲያወግዙ ነው። ይህን ካደረጉ ሕይወታቸው ይተርፋል፣ ክብራቸውም ይጠበቃል። ታሪኩ እንደሚነገረው፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም ሌሎች ካህናትም ተቀብለው ሳለ እርስዎ ብቻ ለምን ያምፃሉ ተብለው ተጠየቁ። ይህቺን ጥያቄ ሁላችንም እናውቃታለን! ሁሉም ፈርሟል፣ አንተ ማን ነህ? የምትለው ናት። ደግሞ በዚያች ሰዓት ልብ ብዙ ነገር ሊያመጣ ይችል ነበር። ብኖር እኮ ሕዝቤን አስተምራለሁ፣ ብሞት መንጋው ያለ እረኛ ይቀራል ማለት ይቻላል። ውሸት አይደለም። ፈተናውን ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

የአባታችን መልስ አጭር ነበር። አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ መሆናቸውን፣ እሳቸው ግን ለአገራቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው ኃላፊነት ያለባቸው ኢትዮጵያዊ እንደሆኑ ተናገሩ። የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ እኔ መልስ የምሰጠው ለፈጣሪዬ ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ዳኞቹ ፊታቸው ተቀምጠው ሳለ፣ እሳቸው የሚያዩት የላይኛውን ወንበር ነበር። ከዚያ ወንበር ፊት ሲቆሙ ምን እንደሚመልሱ ካሰቡ በኋላ የታችኛው ፍርድ አላስፈራቸውም።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ። ከመሞታቸው በፊት በመስቀላቸው አራቱንም ማዕዘን እንደባረኩ ይነገራል።

አሁን ወደ ስሞቹ ልመለስ። አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ እንዲሁ በጣልያን ጥይት ሰማዕት ሆኑ። አቡነ አብርሃም ግን ከጣልያን ጋር ተስማምተው በ1930 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ተባሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ፣ ጣልያን ገና ሳይወጣ ዐረፉ። በእሳቸው ልፈርድ አይደለም፤ በዚያ ቦታ ብቆም ምን እንደማደርግ አላውቅም። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ደግሞ አትነኩም የሚለውን የጣልያንን ቃል አምነው እጃቸውን ሰጡ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የተገደሉትም በአባታችን አገር በፍቼ ነው። ምድር ቃል የገባችው ዕድሜ አምስት ወር እንኳ ብዙ ሆነባት።

ሐውልታቸውን ታውቁታላችሁ። በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተብሎ ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። እኛ በዚህኛው ጫፍ ያለነው ፒያሳ ስንሄድ በታክሲ መስኮት አይተነው የምናልፍ ነን፤ እኔም ጭምር።

ያቺ እህት ምን እንዳደረገች አልነገረችኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኳትም። ፍልሰታ የሚገባው አባታችን ካረፉበት ዕለት በዘጠነኛው ቀን መሆኑን ስነግራት ግን ዝም ብላ ቆየች። በሳምንቱ ልጆቿን ይዛ በዝናብ ሐውልቱ ድረስ እንደሄደች፣ ትንሹም ለምን እጃቸው ታሰረ ብሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ።

የሰማዕቱ አባታችን በረከታቸው ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።