ቶማስ ስቲቨንሰን፦ የሞገድን ኃይል የለካው መሐንዲስ (1818–1887)

የባሕር ዳርቻ ቋሚ ወሰን አይደለም። ሞገድ ዐለቱን ይንዳል፤ የናደውን ፈጭቶ ጠጠርና አሸዋ ያደርጋል፤ አሸዋውንም ከአንዱ ስፍራ አንሥቶ በሌላው ያከማቻል። ይህን የሚያደርገው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ በመሣሪያ ለመለካት ቀድመው ከተነሡት መሐንዲሶች አንዱ ስኮትላንዳዊው ቶማስ ስቲቨንሰን ነው። የሕይወት ታሪኩ የልኬትን ጥቅም ያሳያል፤ ልኬት ብቻውን የማይበቃበትንም ሁኔታ እንዲሁ።

ስቲቨንሰን እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1818 በኤዲንብራ ተወለደ። አባቱ ሮበርት የቤል ሮክን የመብራት ማማ ያሠራ መሐንዲስ ሲሆን፣ ወንድሞቹ አለንና ዴቪድም በዚሁ ሙያ ተሠማርተው ነበር። በዘመኑ ወደብ የሚገነቡ ባለሙያዎች የግንቡን ክብደትና ውፍረት የሚወስኑት በአብዛኛው በልምድና በግምት ነበር።

ግምቱን በቁጥር ለመተካት ስቲቨንሰን በ1840ዎቹ መጀመሪያ የባሕር ዳይናሞሜትር የተባለውን መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በዐለት ላይ ተጠብቆ የሚታሠር ሲሆን፣ ወደ ባሕሩ የዞረ ክብ ሰሌዳና ከበስተኋላው ጠንካራ ሞላ ነበረው። ሞገድ ሰሌዳውን ሲመታ ሞላው ይሳባል፤ በዘንጎቹ ላይ የተደረጉት የቆዳ ቀለበቶች ደግሞ ሞላው የደረሰበትን ከፍተኛ ርቀት ይዘው ይቀራሉ። በዚህም ሰው በማይቆምበት ማዕበል ውስጥ የተፈጠረው ግፊት ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ይነበባል። በመጋቢት 1845 በስኬሪቮር ዐለት የተመዘገበው ግፊት በአንድ ካሬ ጫማ 6,083 ፓውንድ፣ ማለትም በካሬ ሜትር ወደ 30 ቶን የሚጠጋ ነበር። በዚያው ስፍራ የክረምቱ አማካይ ግፊት ከበጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ አኃዞች የዳርቻ መሸርሸር በዓመቱ ውስጥ እኩል እንደማይከናወንና ጥቂት የማዕበል ቀናት ትልቁን ድርሻ እንደሚይዙ ያመለክታሉ። ውኃ ወደ ዐለት ስንጥቅ ሲገባ በውስጡ ያለውን አየር አምቆ ስንጥቁን ያሰፋል፤ ሞገድ ይዞት የሚመጣው ድንጋይም ዐለቱን ይቀጠቅጣል። ስቲቨንሰን የሞገድ ቁመት ነፋስ ሳይከለል በሚነፍስበት የውኃ ርቀት ካሬ ሥር ልክ እንደሚያድግ የሚገልጽ ቀመርም አቀረበ። በዚህ መሠረት ለሰፊ ባሕር የተጋለጠ ዳርቻ በርትቶ ይጠቃል፤ የተከለለው ሰርጥ ግን አሸዋ ይሰበስባል። ስለ ወደብ ግንባታ የጻፈው መጽሐፍ በ1864 ታተመ። የኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ቴርሞሜትር የሚቀመጥበት ነጭ ሽንሽን ሳጥንም የእርሱ ንድፍ ነው።

ትልቁ ፈተና የገጠመው በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ በምትገኘው የሄሪንግ ዓሣ ማዕከል በዊክ ነው። በኦገስት 1848 በተነሣ ማዕበል በምሥራቁ ዳርቻ መቶ ያህል ዓሣ አጥማጆች ሞተው ነበር፤ ከእነርሱም በርካቶቹ የጠፉት ወደ ዊክ ወደብ ለመግባት ሲጥሩ ነው። ለመጠለያ የሚሆን ሞገድ ሰባሪ ግንብ በ1863 ተጀመረ። ኋላ በልብ ወለድ ድርሰቶቹ የታወቀው ልጁ ሮበርት ሉዊስ በ1868 ሥራውን ሊማር ወደ ስፍራው ሄዶ በጠላቂ ልብስ ወደ ባሕሩ ወለል ወርዶ ነበር። ይሁን እንጂ በ1870 የግንቡ ትልቅ ክፍል ፈረሰ። ጫፉን ለማጽናት የኮንክሪት ክምሩ በወፍራም የብረት ዘንጎች ተያይዞ አንድ አካል እንዲሆን ተደረገ፤ በዲሴምበር 1872 ግን ማዕበሉ 1,350 ቶን የሚመዝነውን ይህን አካል እንዳለ ከመሠረቱ አንሥቶ ወሰደው። በምትኩ የተሠራው 2,600 ቶን የሚመዝነው ክምርም በ1877 ተወሰደ፤ ሥራውም ተተወ።

የዊክ ውድቀት ክብደትን መጨመር ብቻ መፍትሔ እንደማይሆን አሳየ። ሞገድ ግንብን ከፊት ይመታል፤ ከሥር ያነሣል፤ ቀጥ ካለ ግድግዳ ላይ ተመልሶም መሠረቱን ይቦረቡራል። በኋለኛው ዘመን የዳርቻ ጥበቃ፣ ተዳፋት የድንጋይ ክምርና እርስ በርሳቸው የሚቆላለፉ የኮንክሪት ብሎኮች የሞገዱን ጉልበት በክፍተቶቻቸው ውስጥ እንዲያደክሙ ይደረጋል። የተሸረሸረ ዳርቻ ላይ አሸዋ መልሶ መሙላትም በዚሁ መርህ የቆመ ነው፤ ሰፊ አሸዋማ ዳርቻ ሞገዱን ቀስ በቀስ ያዝለዋልና።

ስቲቨንሰን በ1887 በኤዲንብራ ዐረፈ። ለሙያው ያተረፈው የሞገድን ኃይል በቁጥር የመመርመር ልማድና በዊክ በግልጽ የታየውን የግንባታ ትምህርት ነው። የዓሣ አጥማጆቹ መጠለያ ግን በታሰበለት መልክ ሳይፈጸም ቀረ።