ሃድሰን ፊሽና የገጠሩ አየር መንገድ

በዛሬው ጊዜ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚበረው ካንታስ፥ ሲመሠረት በአውስትራልያ በኩዊንስላንድ ገጠር፥ በከብትና በበግ አርቢዎች ከተሞች መካከል የሚመላለስ ትንሽ የአውራጃ አየር መንገድ ነበር። የዚህ ድርጅት ታሪክ ከሰር ሃድሰን ፊሽ ሕይወት ተለይቶ ሊነገር አይችልም። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፊሽ በ1895 በታዝማኒያ ደሴት፥ በሎንሰስተን ከተማ ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከፈረሰኛው ጦር ጋር በጋሊፖሊ ከተሰለፉ በኋላ ወደ አየር ክፍል ተዛውረው በፍልስጥኤም ግንባር ተዋጉ። በ1919 ከጓደኛቸው ከፖል ማክጊነስ ጋር ከሎንግሪች እስከ ዳርዊን ያለውን የበረራ መሥመር እንዲያጠኑ ታዘው፥ መንገድ በሌለበት ምድር በፎርድ መኪና 51 ቀን ተጓዙ። በዚያ ጉዞ የደረሰባቸው ድካም፥ ለዚያ አገር የሚያስፈልገው አይሮፕላን መሆኑን አሳመናቸው።

በኅዳር ወር 1920 የበግ አርቢው ፈርገስ ማክማስተር ሊቀ መንበር፥ የጦር ሜዳ ባልደረባቸው አርተር ቤርድ መካኒክ ሆነው ኩባንያው ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላም ከቻርልቪል እስከ ክሎንከሪ፥ 930 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የሚሸፍን የፖስታና የመንገደኛ አገልግሎት ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ፊሽ የሥራ አስኪያጅነቱን ኃላፊነት ተረከቡ።

ከባዱ ፈተና በመጋቢት ወር 1927 መጣ። አንድ የድርጅቱ አይሮፕላን በታምቦ ለማረፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ አንሶ ወደቀና አብራሪውና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ። ይህ የድርጅቱ የመጀመሪያ የሞት አደጋ ነበር። ያም ሆኖ የጥገናው ክፍል ተጠናከረ እንጂ አልተዳከመም። በቤርድ የሚመራው የሎንግሪች ጋራዥ ከጥገና አልፎ፥ በፈቃድ ሰባት ዲ ኤች 50 አይሮፕላኖችን ሠራ። በ1928 በክሎንከሪ የተጀመረው የበራሪ ሐኪም አገልግሎትም አይሮፕላኑንና አብራሪውን ያገኘው ከዚሁ ድርጅት ነው።

መከራው ግን በዚያ አላበቃም። በ1934 ከእንግሊዝ አገር ይመጣ የነበረ አዲስ አይሮፕላን በሎንግሪች አቅራቢያ ወድቆ አራት ሰዎች አለቁ። በ1951 በኒው ጊኒ በደረሰው አደጋም ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በካንታስ ጄት አይሮፕላኖች ላይ በደረሰ አደጋ የሞተ አንድም ሰው የለም።

ፊሽ በ1953 የሰርነት ማዕረግ ተቀብለው፥ በ1966 ከሊቀ መንበርነት ተሰናብተው፥ በ1974 ዐረፉ። መልካም የደኅንነት ስም ከዕድል የሚገኝ ሳይሆን፥ በሙታን ኀዘንና በጋራዥ ትጋት ቀስ በቀስ የሚገነባ መሆኑን ለሙያ ባልደረቦቻችን ሕይወታቸው ይመሰክራል።